ከደጅ ጥናት እስከ መብት፦ አቤቱታ በኢትዮጵያ ታሪክ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ መጠነኛ የቋንቋ እርማት የተደረገበት)



ንግግሬን ከአንዲት ቃል ልጀምር። ቃሏ «አቤት» ናት። ታላቅ ሰው ስማችንን ሲጠራ «አቤት» ብለን እንመልሳለን። የተበደለ ሰውም ከዳኛ ፊት ሲቆም ወይም ከቤተ መንግሥት በር ሲጮኽ «አቤት!» ይላል። የመጀመሪያው መልስ ነው፤ ሁለተኛው ጥሪ ነው። በሁለቱም ጊዜ ግን ቃሉን የሚያወጣው ዝቅ ብሎ የቆመው ወገን ነው። ታላቁ ሲጠራ ታናሹ አቤት ይላል፤ ታናሹ ሲጠራም አቤት የሚለው ያው ታናሹ ነው። «አቤቱታ» የምንለው ስም ከዚሁ የወጣ ነው። ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፦ ለተበዳይ «አቤት» መልስ የመስጠት ግዴታ በታሪካችን መቼና እንዴት፣ በማንስ ላይ ተጣለ?

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ የግል ነገር ልናገር። አባቴ በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከፍርድ ቤት አጥር ውጭ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ብዙዎቻችሁ «ራፖር ጸሐፊ» ስትሉ የምታውቁት ሙያ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ካርቦን ወረቀት እየደረደርሁ፣ ቴምብር እየገዛሁ እረዳው ነበር። አባቴ ባለጉዳይ ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ማን ነህ? ምን ሆንህ? ምን ይደረግልህ? ከዚህ ውጭ ያለውን ልቅሶና እርግማን በትዕግሥት ያዳምጣል እንጂ አይጽፈውም። ከደንበኞቹ አንዲት እናት አይረሱኝም። የመንደራቸው ምንጭ በአንድ የመንግሥት ሥራ ምክንያት ተዘግቶባቸው ይከፈትልን እያሉ በየጥቂት ወሩ ይመጡ ነበር። አባቴ ጽፎ ሲጨርስ ያነብላቸዋል፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይፈርማሉ፤ ከዚያም ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁታል፦ «ልጄ፣ ያለፈውን አንብበውት ይሆን?» አባቴ አንድም ቀን መልስ ሲሰጣቸው አልሰማሁም። ታሪክ አጥኚ ከሆንሁ በኋላ በየቤተ መዛግብቱ ያገላበጥኋቸው የአቤቱታ ፋይሎች ሁሉ ይህችኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

ጩኸት እንደ ሥርዓት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ቤተ መንግሥቱ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ለርእሳችን እጅግ ጠቃሚ ነው። በብሩስ አገላለጽ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ሰዎች በንጉሡ በርና መስኮት አጠገብ ቆመው፣ እያንዳንዱ በሚያውቀው ቋንቋ፣ ፍትሕ እንዲሰጠው በሰቆቃ ድምፅ ይጮኻል። «ጃን ሆይ» የሚለው ጥሪም በዚያው ጩኸት ውስጥ ይሰማል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ክረምት ገብቶ፣ ወንዝ ሞልቶ፣ እውነተኛ ባለጉዳይ ወደ ከተማው መድረስ ሲሳነው፣ ቀለብና ክፍያ ተቆርጦላቸው የተበደሉ መስለው የሚጮኹ ሰዎች ይቆማሉ ይላል። ምክንያቱን ሲጠይቅም ለንጉሡ ክብር ነው፤ ግቢው ጸጥ ብሎ ብቸኝነት እንዳይሰማቸው ነው ብለውታል።

የመንገደኛ ጽሑፍ ነውና በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ብሩስ ጩኸቱ ያሰለቸው፣ አገሩንም በባዕድ ዓይን የሚያይ ሰው ነበር። ሆኖም ይህች ትንሽ ወሬ ሁለት ነገር ታስተምረናለች። የመጀመሪያው፣ አቤቱታ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ እንደ ሁከት አይቆጠርም ነበር፤ የንግሥና ምልክት ነበር። ፍትሕ የሚለምነው የሌለ ንጉሥ ንጉሥነቱ ምኑ ላይ ነው? ሁለተኛው ደግሞ የሚያሳስብ ነው። ሥርዓቱ የጩኸቱን መኖር እንጂ የጩኸቱን ፍሬ ነገር ሳይፈልግ ሊኖር ይችል ነበር። በኪራይ የሚጮኽ ሰው በደል የለውም፤ መልስም አይጠብቅም። ለዙፋኑ ክብር ግን ያው ይበቃል።

ይህ ማለት ነገሥታቱ አቤቱታ አይሰሙም ነበር ማለት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስም ሆኑ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ተቀምጠው ፍርድ ይሰጡ እንደ ነበር የዘመኑ ጽሑፎች በሰፊው ይመሰክራሉ። ክርክሩም የራሱ ሥርዓትና ውበት ነበረው፤ «በላ ልበልሃ» ተባብሎ መሟገት፣ ዋስ መጥራት፣ በሕግ አምላክ ብሎ ማቆም ለተራው ገበሬ እንግዳ አልነበረም። ሕዝባችን ሙግት አዋቂ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ይኸው ሙግት አዋቂ ሕዝብ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረትም አለው። ጎረቤትህን ትከሳለህ፤ ጭቃ ሹምህን ትከሳለህ፤ አቅሙ ካለህ አገረ ገዥውንም ትከሳለህ። የሥልጣኑ ምንጭ ላይ ስትደርስ ግን ክስ ያበቃና ልመና ይጀምራል። አቤቱታ የሚኖረው እዚህ ድንበር ላይ ነው።

የሹመት ስሞቻችንም ይህንኑ ይናገራሉ። ከንጉሡ በታች ያለው ታላቅ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። መንግሥት የሚናገርበት አፍ በማዕርግ ተሹሟል። የመንግሥት ጆሮ የሚባል ማዕርግ ግን ፈልጌ አላገኘሁም። በቋንቋችን ከጆሮ ጋር ተያይዞ የምናውቀው የመንግሥት አገልጋይ «ጆሮ ጠቢ» ነው፤ እሱም የሚሰማው አቤቱታችንን ሳይሆን ሐሜታችንን ነው። (ሣቅ)

ከዚህ ጋር ሳናነሣው የማናልፈው ነገር ደጅ ጥናት ነው። አቤቱታ አቅራቢ ስንቁን ቋጥሮ፣ እርሻውን ለዘመድ ትቶ፣ ከትልቅ ሰው ደጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆማል። ምሕረት የሚለምን ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲመለስ እጅ ይነሣል። ዓይን እስኪጥልበት ይጠብቃል። የዚህ ሥርዓት ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይለካም። ደጅ የሚጠና ሰው ጉዳዩን ከማስረዳት ይልቅ ራሱን ማሳየት ይማራል፤ ከመብቱ ይልቅ በታማኝነቱ መማለድ ይለምዳል። አቤቱታው ሲፈጸምለትም ያገኘው ፍርድ ሳይሆን ቸርነት ይመስለዋል። ቸርነት ደግሞ ለጎረቤት አይተላለፍም። ነገ ተመሳሳይ በደል የደረሰበት ሰው ደጁን ከአንድ ብሎ ይጠናል።

ከጩኸት ወደ ጽሑፍ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አቤቱታ ሁለት ለውጥ አሳየ። አንደኛው ብዙ ሰዎች በአንድ ድምፅ የሚያቀርቡት የፖለቲካ ጥያቄ መሆኑ ነው። በ1910 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰፈረው የቤተ መንግሥት ጦር፣ መሐል ሰፋሪው፣ ተሰብስቦ የዘመኑን ሚኒስትሮች ከሰሰ፤ እንዲሻሩም ጠየቀ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱና አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ጥያቄውን ሊገፉት አልቻሉም። ከጦር ሚኒስትሩ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሚኒስትሮቹ ተሻሩ። ይህን ታሪክ የዜጎች ድል አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። መሐል ሰፋሪው ጠመንጃ ነበረው፤ የሰፈረውም ከቤተ መንግሥቱ ሥር ነበር። መልስ ያገኘውም ስለዚሁ ነው። ይሁንና «የእኔ በደል» የነበረው «የእኛ ጥያቄ» ሆኖ፣ ጥያቄውም ከአንድ ሰው ጉዳይ አልፎ ስለ መንግሥት አሠራር የሆነበት ቀደምት ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ አቤቱታ በሕገ መንግሥት ላይ መስፈሩ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ተወላጆች ሕግ በሚፈቅደው መልክ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጠ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ያለ ማንኛውም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደነገገ። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እነዚህን ሁለት ድንጋጌዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው እንዲያነቡ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ተቀባዩ «መንግሥት» ነው። ከ25 ዓመት በኋላ በወጣው፣ በብዙ መልኩ ይበልጥ ዘመናዊ በሚባለው ሕግ፣ ተቀባዩ አንድ ሰው ሆነ። መብቱ ሰፋ፤ አድራሻው ጠበበ።

ተግባሩም እንዲሁ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚሰየሙበት ዙፋን ችሎት ከመደበኛ ፍርድ ቤቶች በላይ ቆየ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ በዘመናዊ አንቀጾቹ መካከል፣ ይግባኙን የጨረሰ ሰው ለዙፋን ችሎት ማመልከት እንደሚችል ሳይጠቅስ አላለፈም። ንጉሠ ነገሥቱ በመኪና ሲያልፉ ሕዝቡ በመንገድ ዳር ተሰልፎ፣ አንዳንዱም ከመኪናው ፊት ተጋድሞ፣ ወረቀቱን ለማስረከብ ይታገል እንደ ነበር በዘመኑ የኖሩ ሁሉ ያስታውሱታል። ሚኒስቴር ነበር፤ ፍርድ ቤት ነበር፤ ፓርላማ ነበር። ሕዝቡ ግን ጉዳዩ በእርግጥ የሚቋጨው በየትኛው ደጅ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። በዚህ ሕዝቡን ያላዋቂ ማድረግ አይገባም፤ የሥልጣኑን ካርታ ከሕጉ አርቃቂዎች ይልቅ በትክክል አንብቦታል።

ጎጃም፣ 1960 ዓ.ም.

የዚህ ሥርዓት ፈተና በጉልህ የታየው በጎጃም ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ አዋጁ መጥፎ አልነበረም፤ ገቢው ከፍ ያለው ከፍ ያለ ግብር እንዲከፍል የሚያደርግ፣ ተራማጅ የሚባል የግብር ዓይነት ነበር። ለጎጃም ገበሬ ግን አዋጁ የመጣው ብቻውን አልነበረም። ገበሬው በርስቱ ላይ ገማች ሲገባበት ቀጥሎ የሚመጣው ቃላድ፣ ከቃላድ በኋላ የሚመጣውም የርስቱ መነጠቅ እንደ ሆነ ያምን ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ በልዩ ልዩ ስም ያስከፍሉታል የሚባለው መዋጮም ምሬቱን አባብሶት ነበር።

ገበሬዎቹ በመጀመሪያ ያነሡት ጠመንጃ አልነበረም። ወኪል መረጡ፤ ስንቅ አዋጡ፤ ወኪሎቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ። የአቤቱታቸው መንፈስ በአገር ቤት ወግ የተቃኘ ነበር፦ እኛ የንጉሥ ታማኞች ነን፤ በደሉ የሹሙ ነው፤ ጃንሆይ ቢሰሙ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። የታሪክ ምሁራን ይህን ዓይነት አነጋገር ሲያገኙ አንዳንዴ የዋህነት ይሉታል። እኔ ግን ብልሃትም ጭምር ነው እላለሁ። «ንጉሡ አያውቁም» ማለት ለንጉሡ መመለሻ መንገድ መተው ነው። ሹሙን ሽረው ክብራቸውን ሳይነኩ ሊያስተካክሉ ይችላሉና። አቤቱታው ለመንግሥት የቀረበ የእርቅ ሐሳብ ነበር ማለት እንችላለን።

መንግሥት ያን በር በጊዜው አልገባበትም። መልእክተኞች ተመላለሱ፤ አጣሪዎች ተላኩ፤ ቁርጥ ያለ ምላሽ ግን ዘገየ። በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም ወረዳዎች ገበሬው ገማቾችን ከለከለ፤ ከዚያም መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ የአየር ኃይልም ተሰማራ። ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻም አገረ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩ በተግባር ተተወ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፍ ግብር ማሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። በመጨረሻ የተሰጠው መልስ ከሞላ ጎደል ወኪሎቹ በመጀመሪያ በወረቀት የጠየቁት ነበር። ሹሙ ይነሣ፤ ግብሩ ይቅር። መንግሥት በእርቅ ሊሰጠው ይችል የነበረውን ነገር ከጦርነት በኋላ ሰጠ። በዚህም ለሕዝቡ አንድ ክፉ ትምህርት አስተማረ፦ ወረቀት አይሰማም፤ ጥይት ግን ይሰማል። አቤቱታን ችላ ማለት ጊዜ ለመግዛት የሚመች ዘዴ ሊመስል ይችላል። ከዋጋዎቹ አንዱ ግን ቀጣዩ ጠያቂ ከወረቀቱ ደረጃ ዘሎ መጀመሩ ነው።

የአቤቱታ ዓመት፣ 1966 ዓ.ም.

ስለ 1966ቱ አብዮት ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ርእዮተ ዓለም ነው። ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጥተው «መሬት ላራሹ» ካሉበት ጊዜ ጀምሮ የርእዮቱ መስመር በእርግጥም ይታያል። የዓመቱን ሰነዶች በቅደም ተከተል ስናነብ ግን ከሁሉ በላይ የአቤቱታ ዓመት ሆኖ እናገኘዋለን።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች ዐመፁ። ጥያቄያቸው ስለ ሥርዓተ መንግሥት አልነበረም። የውሃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው፤ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ ላኩ። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ አግተው የእነርሱን ምግብ እንዲበሉ፣ የእነርሱን ውሃ እንዲጠጡ አደረጓቸው። ይህ ድርጊት ሲተረክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ነው። እኔ ግን የአቤቱታን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ፍች እንዳለው አምናለሁ። ወታደሮቹ ያደረጉት ወረቀቱን ማስቀመስ ነው። አቤቱታችን አልነበብ ካለ ይቀመስ ማለታቸው ነበር።

የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መጨመር፣ መምህራን ደግሞ በትምህርት ዘርፍ ጥናቱና በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቆሙ። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ጎርፍ ነበር። ሠራተኞች፣ የመንግሥት አገልጋዮች፣ ካህናት፣ የየመሥሪያ ቤቱ ማኅበራት ጥያቄያቸውን በተራ ቁጥር ዘርዝረው አቀረቡ። በደብዳቤዎቹ መልክ ላይ የሚታየው ለውጥ ራሱ ታሪክ ነው። የድሮው አቤቱታ በውዳሴ ተጀምሮ በልመና የሚቋጭ አንድ ረጅም አንቀጽ ነበር። የ1966ቱ ጥያቄ ቁጥር አለው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይላል። ቁጥር ያለው ጥያቄ ሊቆጠር ይችላል፤ የተመለሰውና ያልተመለሰው ተለይቶ ይታወቃል። ቸርነት በቁጥር አይጠየቅም፤ በቁጥር የሚጠየቅ መብት ነው።

ከነዚህ ሁሉ በእኔ ግምት እጅግ ጥልቀት የነበረው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የቀረበው የሙስሊሞች ጥያቄ ነው። በዚያ ቀን እስከ 100,000 የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም ከሰልፉ መካከል ነበሩ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት የቀረበው ጽሑፍ 13 ነጥቦች ነበሩት። የሙስሊም በዓላት በአገር ደረጃ ይከበሩ፤ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፤ በመንግሥት ሥራና በመሬት ይዞታ እኩል እንሁን የሚሉት ይገኙበታል። ከነዚህ መካከል አንዱ ግን ገንዘብም፣ ሹመትም፣ መሬትም የሚጠይቅ አልነበረም። የጠየቀው አንድ የስም እርማት ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነው።

እስቲ ይህን እንመዝነው። በኢትዮጵያ የሚኖር ማለት ነዋሪ ማለት ነው፤ እንግዳም ነዋሪ ይሆናል። ኢትዮጵያዊ ማለት ግን ባለቤት ማለት ነው። አባቴ ለደንበኞቹ ከሚያቀርባቸው ሦስት ጥያቄዎች የመጀመሪያው «ማን ነህ?» ነበር ብያችኋለሁ። አቤቱታ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል። ሰልፈኞቹ የተረዱት ነገር ይህ ነበር፤ «ማን ነህ» ለሚለው የሚሰጠው መልስ የተዛባ ከሆነ ቀሪዎቹ 12 ጥያቄዎች ቢመለሱ እንኳ የሚመለሱት እንደ እንግዳ መስተንግዶ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሦስቱን የሙስሊም በዓላት፣ ዒድ አልፈጥርን፣ ዒድ አል አድሐንና መውሊድን፣ የሕዝብ በዓላት አድርጎ አወጀ። ለጥያቄው ሁሉ መልስ አልነበረም። ሆኖም ዛሬ በቀን መቁጠሪያችን ላይ የምናያቸው እነዚያ ቀናት በአንድ ወቅት በአቤቱታ ወረቀት ላይ የተጻፉ መሆናቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው።

የዓመቱ አሳዛኝ ፍጻሜ ግን መዘንጋት የለበትም። «ደርግ» የሚለው ቃል ኮሚቴ ማለት ነው። ኮሚቴው የጦሩን አቤቱታ ይዞ የመጣ የወኪሎች ጉባኤ ነበር። አቤቱታ አቅራቢው ራሱ ዙፋኑ ላይ ሲወጣ ከበታቹ የሚቀርብለትን አቤቱታ እንዴት እንደሚያስተናግድ ቀጣዮቹ 17 ዓመታት አሳይተውናል። መብት ለማግኘት መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የመጠየቂያው መንገድ ከጠያቂውም ከተጠያቂውም በላይ ካልሆነ የሚለወጠው በደጁ ላይ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

አድራሻው ማን ነው?

ወደ ዛሬው እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የመሰብሰብንና የሰላማዊ ሰልፍን ነጻነት አቤቱታ ከማቅረብ መብት ጋር በአንድ ላይ ደንግጎታል። ሁለት ነገር ልብ እንበል። ንጉሠ ነገሥቱ ከድንጋጌው ወጥተዋል። አቤቱታም ከሰልፍና ከስብሰባ ጎን ቆሟል፤ የብቸኛ ሰው ልመና መሆኑ ቀርቶ የዜጎች የጋራ ተግባር ተደርጎ ታይቷል። ይህ በመሐል ሰፋሪው፣ በጎጃምና በ1966 ሰልፎች የተጠናቀረ ታሪክ በሕግ የታተመበት ነው። የጎደለው ነገርም አለ። አንቀጹ ማቅረብን ይፈቅዳል፤ ተቀባዩ በስንት ቀን፣ በምን መልክ ይመልስ የሚለውን አይናገርም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የድሮው ንጉሥ ከአድራሻው ሲፋቅ በቦታው የተተካ ስም የለም ብንል አንሳሳትም።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን የሲዳማ ጥያቄ ያሳየናል። በአንቀጽ 47 መሠረት አንድ ሕዝብ ክልል ለመመሥረት በምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። ይህ የጊዜ ገደብ ካለባቸው ጥቂት የሕዝብ ጥያቄዎች አንዱ ነው። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጥያቄውን አጸደቀ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ዓመቱ ሲሞላ ሕዝበ ውሳኔው አልተካሄደም ነበር፤ በዚያው ሰሞን በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞቱ፤ ንብረት ወደመ። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ከመራጩ 98 በመቶ በላይ የሆነው ክልልነትን ደገፈ፤ በሰኔ ወር ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። ስለ ክልል አወቃቀራችን የየራሳችን አቋም ሊኖረን ይችላል፤ የዛሬው ንግግሬ ዓላማ እሱ አይደለም። የማነሣው ስለ ጊዜ ነው። በሐምሌና በኅዳር መካከል ያሉት አራት ወራት የያዙትን ሐዘን ስናስብ፣ የመልስ ቀነ ገደብ ቢሮክራሲያዊ ዝርዝር ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑ ይገባናል።

በጎ ጅምሮች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን ይመረምራል። ስሙን ማን እንዳወጣው ባላውቅም አደንቀዋለሁ፤ ከአፈ ንጉሥ ወደ እንባ ጠባቂ መሸጋገር ትልቅ ጉዞ ነው። ይሁን እንጂ እንባን መጠበቅ እንባን ከማድረቅ ይለያል፤ ተቋሙ በዋናነት የሚሠራው የመፍትሔ ሐሳብ በማቅረብ እንጂ እንደ ፍርድ ቤት በመፍረድ አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ፣ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊከለስ እንደሚችል ደንግጓል። የሕግ ተማሪዎች ይህን አዋጅ ደረቅ ነው ትሉ ይሆናል። በታሪክ ዓይን ስናየው ግን ደጅ ጥናትን ለማስቀረት ከተጻፉ ሕጎች ሁሉ ቀጥተኛው ነው። ምክንያቱን ጽፎ መስጠት የተገደደ ሹም ቸር መሆን አያስፈልገውም፤ አንባቢ መሆን ግን ይኖርበታል።

ተቃራኒ ሐሳብ እንዳለ አውቃለሁ። ባለሥልጣን ለእያንዳንዱ ወረቀት ይመልስ ቢባል ሥራ ይቆማል ይባላል። ከአቤቱታዎች መካከል ሐሰተኛ፣ ተደጋጋሚና የማይፈጸም ብዙ እንዳለ የማመልከቻ ጸሐፊ ልጅ ነኝና አልክድም። ነገር ግን መልስ መስጠት ማለት መስማማት ማለት አይደለም። «አይሆንም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚል ወረቀትም መልስ ነው። ይግባኝ የሚባልበት፣ የሚከራከሩበት፣ ተስፋ የሚቆርጡበትም ቢሆን መልስ ነው። ሰውን ከወረቀት ወደ ጥይት የሚገፋው ብዙ ጊዜ እምቢታው ሳይሆን ዝምታው መሆኑን ከላይ ያየናቸው ታሪኮች ያስረዳሉ።

ንግግሬን ልቋጭ። አባቴ ካረፈ በኋላ ከዕቃዎቹ መካከል አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አገኘን። በውስጡ የደንበኞቹ ማመልከቻዎች የካርቦን ቅጂዎች በየስማቸው ታስረው ተቀምጠዋል። የዚያች እናት እሥር ዘጠኝ ቅጂዎች ነበሩት። በስምንቱ የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ምንጩ ይከፈትልን። ዘጠነኛው ግን አጭር ነው። ስለ ምንጩ አንድም ቃል የለበትም። እንዲህ የሚል ጥያቄ ብቻ ነው የያዘው፦ ከዚህ ቀደም ያቀረብኋቸው ስምንት ማመልከቻዎች ለክቡር መሥሪያ ቤቱ መድረስ አለመድረሳቸው በደብዳቤ እንዲገለጽልኝ። ለጥያቄያቸው መልስ የሚያጣው አባቴ በመጨረሻ ጥያቄውን ራሱን አቤቱታ አድርጎ ጽፎላቸዋል። የዚያችም መልስ በሣጥኑ ውስጥ የለም።

ከእናንተ ከተማሪዎቼ መካከል ብዙዎቻችሁ ነገ በወረዳ፣ በክልል፣ በሚኒስቴር ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ ወረቀት ይቆለላል። ሁሉን መፈጸም አትችሉም፤ ማንም አይችልም። አንብባችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ ምክንያታችሁን አስቀምጣችሁ መመለስ ግን ትችላላችሁ። ዜጋው ለዘመናት መንግሥት ሲጠራው «አቤት» ብሏል። ዜጋው ሲጠራ መንግሥት በተራው «አቤት» እንዲል ማድረግ የእናንተ ትውልድ ሥራ ይሁን።